«ቶንሲል ነው» የተባለው ከጨጓራ ቢሆንስ?

ጠዋት ሲነሱ ጉሮሮአቸውን ደጋግመው የሚጠርጉ፣ ድምፃቸው እስከ ረፋድ የማይከፈት፣ «አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተሰክቷል፤ ብውጠው አይወርድ፣ ብተፋው አይወጣ» የሚሉ ሰዎች በየቤቱ አሉ። አንዱ ቶንሲል ነው ይላል፤ ሌላው ሳይነስ፤ ሌላው ደግሞ ብርድ መትቶኝ ነው ብሎ ይተወዋል። መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ አሞክሳሲሊን ይገዛል፤ ሦስት ቀን ውጦ ትንሽ የተሻለው ሲመስለው የተረፈውን «ለልጆቹ ይሆናል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል። ከወር በኋላ ጉሮሮው ያው ነው። በመቱና በአካባቢዋ ከተሞች በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ታካሚ ያላየሁበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። ከእነዚህም መካከል ቀላል የማይባሉት ሕመማቸው የሚነሳው ከጉሮሮአቸው ሳይሆን ከጨጓራቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዋጥነው ምግብ ወደ ጨጓራ የሚወርደው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል በሚረዝም የምግብ ቧንቧ ነው። ይህ ቧንቧ ከላይም ከታችም ልክ እንደ ከረጢት ማሰሪያ የሚጠብቅና የሚላላ የጡንቻ ቀለበት አለው። የታችኛው ቀለበት ሲላላ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ደረትንም ያቃጥላል። ቃር የምንለው ይህንን ነው፤ በእኛ አካባቢ ኦሮምኛ ተናጋሪው «ለጴቱ ነ ጉበ» ይላል፣ ደረቴን አቃጠለኝ ማለቱ ነው። የላይኛውም ቀለበት ከላላ ግን አሲዱ ደረት ላይ አይቆምም። ጉሮሮን፣ ማንቁርትንና የድምፅ አውታሮችን ይነካል፤ በተለይ በጋደምን ጊዜ ወደ አፍንጫ ጀርባ ሊደርስ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «እኔ ቃር የለብኝም፤ እንዴት የጨጓራ ነው ትሉኛላችሁ?» በማለት ነው። ጨጓራ የራሱን አሲድ የሚችልበት ወፍራም ዝልግልግ ሽፋን አለው። የምግብ ቧንቧም በመጠኑ መከላከያ አለው፤ ምራቅ እየወረደም ያጥበዋል። ጉሮሮና ማንቁርት ግን እንዲህ ያለ ጋሻ የላቸውም። ስለዚህ የምግብ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ችሎ የሚያሳልፈው አሲድ ማንቁርትን በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ቢነካውም ያሳብጠዋል። ከዚህም ሌላ አሲዱ ብቻውን አይመጣም። ሥጋን የሚፈጨው ፔፕሲን የተባለ የጨጓራ ንጥረ ነገር አብሮት ይወጣና ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። አሜሪካዊቷ የአንገት በላይ ሐኪም ጄሚ ኩፍማን ጉሮሮ የሚደርሰው የአሲድ መመለስ ከተለመደው ቃር የተለየ ጠባይ እንዳለው የሚያሳይ ሰፊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1991 አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች «ድምፅ አልባው ቃር» እያሉ ይጠሩታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ጉሮሮአችንን ሲያሳክከን መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ሎሚ ነው፤ ሎሚ በዝንጅብል፣ ሎሚ በማር። ለጉንፋን ቢሆን አልከራከርም። ከጨጓራ በመጣ ቁስለት ላይ ግን ሎሚ መጭመቅ በአሲድ ላይ አሲድ መጨመር ነው፤ ጉሮሮ ላይ የተጣበቀውንም ፔፕሲን ዳግም ያነቃዋል። አምቦ ውሃም እንዲሁ። «ጨጓራዬን ያሳርፍልኛል» ብሎ የሚጠጣው ብዙ ነው፤ ለጊዜው ቀለል ያደርግ ይሆናል፤ ጋዙ ግን ያስገሳል፣ ግሳቱም አሲዱን ይዞ ይወጣል። ሎሚው ቀርቶ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማር ጠብ ቢደረግ ለጉሮሮ ይሻላል። የኢሉባቦር ማር እያለ ደግሞ ሌላ ምን ያስፈልጋል? (ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።)

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ ቡናን ሳይነኩ ስለ ጨጓራ መጻፍ እዚህ አገር አይቻልም። ያዩ የጫካ ቡናው ተጠብቆ እንዲቆይ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው ደን ያለበት ቦታ ነው። ቡና በእኛ ዘንድ መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ጉርብትና ነው፣ ሽምግልና ነው፣ የለቅሶ ቤትም ማስተዛዘኛ ነው። ቡና ቀላ ሲሆን ደግሞ ፍሬው በቅቤ ተጠብሶ ይበላል። ስለዚህ «ቡና አቁሙ» ብሎ ጽፎ መሄድ ሰው የማይሰማውን ምክር መስጠት ነው። ቡና የታችኛውን የጨጓራ ቀለበት የሚያላላባቸው ሰዎች አሉ፤ ምንም የማያደርጋቸውም አሉ። እኔ ለታካሚዎቼ የምነግራቸው ይህን ነበር፦ ለሦስት ሳምንት ያህል በባዶ ሆድ አትጠጡ፣ አቦሉን ጠጥታችሁ ቶናውንና በረካውን ለሌላው ተዉት፣ ከምሽት ቡና ራቁ። ጉሮሮአችሁ ካልተለወጠ ጥፋቱ የቡና አይደለም ማለት ነው፤ ወደ ስኒያችሁ ተመለሱ። አንዲት የጎሬ እናት «ሲስተር፣ ሦስተኛውን ስኒ የሚጠላ ጎረቤት ከየት ላምጣ?» ብለውኝ ስቀናል። ቀነሱ ግን።

ሙቀቱም ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሆነ መጠጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰርን ሊያመጣ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቋል። ጥፋተኛው ቡናው ወይም ሻዩ ሳይሆን ትኩሳቱ ነው። በአገራችን በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ በሕክምና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ከጀበና የተቀዳውን ቡናም ሆነ ከምድጃ የወረደውን ገንፎ ትንሽ እፍ ብሎ መጠበቅ ምንም አይጎድልብንም።

ከቡናው ይልቅ እኔ የምፈራው እራቱን ነው። በቡና ለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ሰው ከጫካ ሲመለስ መሽቷል፤ እሸቱን ሲያሰጣ፣ ሲመዝን፣ ከነጋዴ ሲነጋገር ሦስትና አራት ሰዓት ይሆናል። ከዚያ በርበሬው የጠነከረ ወጥ በልቶ ወዲያው ይጋደማል። ጨጓራ ሞልቶ ሰውነት ሲጋደም አሲዱ የሚፈሰው ወደ ቀለለው አቅጣጫ ነው። በረመዳንም ይህንኑ አይቻለሁ፤ ሱሁር ተበልቶ ከሱብሂ በኋላ መተኛት፣ በኢፍጣር ጊዜ ደግሞ ባዶ ሆድ ላይ ሳምቡሳና ለስላሳ። በሁዳዴም ጾመኛው ቀኑን ሙሉ ውሎ አመሻሹ ላይ በዘይት የወዛ ሽሮና ቃሪያ አንድ ላይ ሲገባ ጉሮሮው ሌሊቱን ይነግረዋል። ጾሙ አይደለም ችግሩ፤ አፈታቱ ነው። በጥቂቱ አፍጥሮ፣ ከሰዓት በኋላ ቀሪውን መጨመርና ከመጨረሻው ጉርሻ እስከ መኝታ ሦስት ሰዓት ማሳለፍ ከብዙ እንክብል ይበልጣል።

መቀነትም አለ። በተለይ አራሶችና አያቶች ወገብ ይጸናል ብለው አጥብቀው ያስሩታል። ሆድ ሲታሰር ጨጓራ ይጨመቃል፤ በዚያ ላይ ጎንበስ ብሎ መጥረግና ማረም ሲጨመርበት አሲዱ ወደ ላይ ይገፋል። ከምግብ በኋላ ላላ አድርጉት። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ከውስጥ እንደታሰረ መቀነት ነው። አረቄ፣ ጠጅ፣ ሲጋራና ጫት የሚወስድ ሰው ጉሮሮውን በሁለት በኩል ያስመታል፤ ከላይ በቀጥታ፣ ከታች ደግሞ በአሲዱ።

አልጋውንም እናስተካክል። ትራስ መደራረብ አይረዳም፤ አንገትን አጥፎ ሆድን ይጨምቃል። የሚረዳው በራስጌ በኩል ባሉት የአልጋ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጠንካራ ጣውላ ወይም ብሎኬት ማስገባት ነው። መደብ ላይ የሚተኛ ሰው ከፍራሹ ሥር ከራስ እስከ ወገብ እየተዳፋ የሚሄድ ነገር ማንጠፍ ይችላል። በግራ ጎን መተኛትም ይጠቅማል፤ ጨጓራ በአቀማመጡ ምክንያት በግራ ስንተኛ አሲዱ ከቧንቧው በታች ይቀራል።

በድምፃቸው የሚያድሩ ሰዎች ይህን ሕመም ቶሎ ያውቁታል። መምህራን፣ መዘምራን፣ ሰባኪዎች፣ አዛን የሚያሰሙ፣ መናኸሪያ ላይ «በደሌ፣ ጅማ!» እያሉ የሚጣሩ ረዳቶች። (በደሌ በአስተዳደር ከኢሉባቦር ተለይታ የቡኖ በደሌ ዞን ብትሆንም ለእኛ ያው ጎረቤታችን ናት።) የድምፅ አውታሮች ሲያብጡ ድምፅ ይጎረንናል፤ ሰውየው ጉሮሮውን እየጠረገ ድምፁን ሊያወጣ ሲታገል ደግሞ አውታሮቹ እርስ በርስ እየተጋጩ የባሰ ይቆስላሉ። መጠረጉን ትቶ ምራቅ መዋጥ ወይም ውሃ መጎንጨት ይሻላል። ማንሾካሾክም ድምፅን አያሳርፍም፤ ዝም ማለት ነው የሚያሳርፈው።

ጆሮስ ምን አገባው? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የነርቭ ነው። ጉሮሮንና ጆሮን የሚያገለግሉ ነርቮች አንዳንዶቹ አንድ ስለሆኑ የቆሰለው ጉሮሮ ሆኖ ሕመሙ ጆሮ ላይ ሊሰማ ይችላል፤ ጆሮው ሲታይ ግን ንጹሕ ነው። ሁለተኛው መንገድ የሕፃናት ነው። መካከለኛውን ጆሮ ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ፤ በሕፃናት ላይ አጭርና ጋደም ያለ በመሆኑ ከጉሮሮ የወጣ ነገር በቀላሉ ሊገባበት ይችላል። በእንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ጆሮአቸው ውስጥ ፈሳሽ ከተጠራቀመባቸው ሕፃናት የተቀዳውን ፈሳሽ ሲመረምሩ በአብዛኛው ውስጥ ፔፕሲን አግኝተዋል። የጨጓራ ነገር ጆሮ ውስጥ! ይህ ግን የልጅ ጆሮ ሕመም ሁሉ ከጨጓራ ነው ማለት አይደለም። ለጆሮ ሕመም ብሎ ለሕፃን የአሲድ መድኃኒት መስጠት የሚመከር ሕክምና አይደለም። የልጅ ጆሮ በአብዛኛው የሚታመመው ከጉንፋን በኋላ ነው፤ መግል ከወጣው ጤና ጣቢያ ይታይ፤ ዘይት፣ የጡት ወተትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ አይጨመርበት።

ስለ አፍንጫ ብዙ አልልም። «ከአፍንጫዬ ወደ ጉሮሮዬ ይወርድብኛል» የሚሉ አንዳንዶቹ በእርግጥ የሚሰማቸው ከላይ የሚወርድ ሳይሆን የተቆጣ ጉሮሮ የሚያመነጨው አክታ ነው። ሆኖም ዝናብ በሚበዛበት፣ ግድግዳ በሚሻግትበትና ማድቤት በጭስ በሚታፈንበት አገር አፍንጫ የሚዘጋበት ሌላ ብዙ ምክንያት አለ፤ ጎሬ በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ሁሉን ነገር በጨጓራ ላይ አንለጥፍ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን እንጥል ነው። ልጅ ሌሊት ሌሊት ይስላል፣ ሲበላ ያስመልሰዋል፣ ድምፁ ይጎረንናል። አያት አፉን ከፍተው ያዩና «እንጥሉ ወርዷል» ይላሉ። ከዚያ «እጇ ቀና ነው» የምትባል ቆራጭ ትፈለጋለች። ሲደነግጥ «እንጥሌ ዱብ አለ» የሚል ሕዝብ እንጥልን ቢፈራ አልፈርድም። ነገር ግን እንጥል ያበጠው በምክንያት ነው፤ ጉንፋን፣ ቶንሲል፣ አለርጂ ወይም ከጨጓራ የሚመለስ አሲድ ሊሆን ይችላል። እንጥሉ ቢቆረጥ ምክንያቱ እዚያው ቁጭ ብሏል፤ ሳሉም ይቀጥላል። በአንጻሩ ደም መፍሰስ፣ መመረዝ፣ ቴታነስ፣ በምላጩ በኩልም የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ሊመጣ ይችላል። ጫጩት እንደያዘ ሰው በጨርቅ ይዘውት የመጡ ሕፃን አይቻለሁ፤ ደሙ በአፉ ስላልፈሰሰ ቆሟል ብለዋል፣ እርሱ ግን ሲውጠው አድሯል። ሕፃኑ በደም ተርፏል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም የሕፃንን እንጥል መቁረጥን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ጋር በስሙ ጠቅሶታል። እማማ፣ አባባ፤ ልጁን የምትወዱት እናንተ ስለሆናችሁ ነው ለእናንተ የምናገረው። እናቲቱ እምቢ ብትል በእናንተ ትታዘዛለች፤ እናንተ እምቢ ካላችሁ ግን በዚያ ቤት እንጥል የሚያስቆርጥ የለም።

ጡት የሚጠባ ሕፃን ቢያቀረሽ ደግሞ በሽታ አይደለም። የሕፃን የጨጓራ ቀለበት ገና አልጠነከረም፤ አብዛኞቹ አንድ ዓመት አካባቢ ሲሞላቸው ይተዋሉ። ካጠቡት በኋላ 20 ወይም 30 ደቂቃ ቀና አድርጎ መያዝና ማስገሳት ይበቃል። ሲተኛ በጀርባው ይተኛ። ቅቤ ማስዋጥና ከስድስት ወር በፊት ውሃ መስጠት ይቅር። አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት ነገር የሚያስመልስ፣ ትውከቱ ተስፈንጥሮ የሚወጣ፣ ክብደት የማይጨምር ወይም ሲጠባ የሚታፈን ከሆነ ግን ቀን ሳይባል ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ስለ መድኃኒት ጥቂት ልበል። በአገራችን ከእምብርት በላይ ያለው ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ነው፤ «ባክቴሪያ ተገኘብኝ» የሚለውም ብዙ ነው። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ የጨጓራ ቁስለት ያመጣል፤ ይህን ያረጋገጡት ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸልመውበታል። የአሲድ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ባክቴሪያው ቢጠፋም የላላው ቀለበት አይጠብቅም። ኦሜፕራዞልም ቢሆን ሲያቃጥለን ብቻ የምንቅመው ከረሜላ አይደለም። የሚሠራው ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት በየቀኑ ሲወሰድ ነው፤ እንክብሉ አይታኘክም። የጉሮሮ ቁስለት ከደረት ቃር ይልቅ ለመዳን ይዘገያል፤ በሳምንት አልተሻለኝም ብሎ መተው አይገባም። በሌላ በኩል ያለ ሐኪም ከሁለት ወር በላይ መቀጠልም ትክክል አይደለም።

አያቶች የሚወስዷቸው ሌሎች መድኃኒቶችም ይታዩ። ለወገብና ለጉልበት የሚዋጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ያቆስላሉ። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ኤናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ጉሮሮን እየቧጠጠ ሌሊት የሚያስነሳ ሳል። ይህን የጠረጠረ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ይንገር፤ የሚተካው አለ።

ከጨጓራ ነው ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ የማሳስባችሁ ምልክቶች አሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በመጀመሪያ ለቲቢ ይመረመር። ትኩሳት ኖሮት ጉሮሮውን የሚያመው ልጅ ጤና ጣቢያ ይታይ፤ በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን በአገራችን ብዙ ልጆችን ለልብ በሽታ ዳርጓል። ከሦስት ሳምንት በላይ የዘለቀ የድምፅ መጎርነን፣ ምግብ ሲዋጥ መሰካት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ደም ማስመለስ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ አንገት ላይ የወጣ እብጠት፣ በአንድ ወገን ብቻ የማይለቅ የጆሮ ሕመም፣ በተለይም በሚያጨስ ወይም ጫት በሚቅም ሰው ላይ ሲታይ፣ በኢንዶስኮፒ ወይም በአፍንጫ በኩል በሚገባ ቀጭን ካሜራ መታየት አለበት።

ለዚህ መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሂዱና ሪፈር አጽፉ፤ ከሁሩሙም ከቡሬም የሚመጣው ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ ካስፈለገ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ይላካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆናችሁ ደረጃውን ዘላችሁ ከሄዱ ወጪው በእናንተ ላይ ሊሆን ስለሚችል ወረቀቱን አትርሱ። አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ያህል ተጉዞ ሐኪም ፊት ቃል ማጣት ያሳዝናል። ከመሄዳችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት በልጅ ደብተር ላይ ምን ሰዓት እንደበላችሁ፣ ምን ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ጉሮሮአችሁ መቼ እንደባሰበት ጻፉ፤ ወይም የልጅ ልጃችሁ ይጻፍላችሁ። የምትወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ባዶ ፓኮውን ጭምር በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ «ነጩን ክኒን» ብሎ መናገር ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም።